ቻርጅ ላይ ናት

ምላሴ ከተሳሰረ ወዲህ የቀረችልኝ አንዲት አውራ ጣት ናት፤ የግራ እጄ አውራ ጣት። ሌላው ሰውነቴ በሰጡት ቦታ እንደ ጆንያ ተጋድሞ ይውላል። አንገቴ ሲሻው ይንቀጠቀጣል፣ የዓይኔ ቆብ ሳላዘው ይከደናል፣ ሳላዘው ይገለጣል። ጣቴ ግን ትታዘዘኛለች። ሐኪሙ «ይህቺን ጠብቋት» ብሎ ሄደ፣ ለአንድ ጣት ዘበኛ ይቀጠርላት ይመስል። እንግዲህ ይሄን ሁሉ የማወራው በሆዴ ነው፤ ሆድ ደግሞ ምላስ አይዘውም።

ጣቴ የምትጫነው የቁልፍ መያዣዬ ላይ የተንጠለጠለችውን ትንሽ የእጅ ባትሪ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሊፍት ስጠግን ኖሬአለሁ። ሊፍት ሲበላሽ አንዱ ሠራተኛ ላይ ሞተሩ ጋ ይቆማል፣ ሌላው ታች ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። እዚያ ውስጥ ድምፅ አይታመንም፤ ጩኸትህ ከግድግዳ ግድግዳ ሲላተም ቆይቶ ላይ ሲደርስ ጩኸት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የምንነጋገረው በመብራት ነበር። አንድ ጊዜ ብልጭ ካልኩ «አቁም» ነው። ሁለት ጊዜ ከሆነ «ቀጥል» ነው። ታች ያለው ሰው ሳያበራ ደግሞ ላይ ያለው ምንም አይነካም፤ ሰውየው የትኛው ብረት ሥር እንደተኛ አታውቅማ። አብሮኝ የሚሠራው፣ አፍንጮ የምንለው፣ «ካንተ ይልቅ ባትሪህ ቁም ነገር ታወራለች» ይለኝ ነበር። ይኸው ቃሉ ደረሰ።

ባለቤቴ ይሄን ቋንቋ የተማረችው ገና ሳንጋባ ነው። እሷ ልብስ የምትሰፋበት ሕንፃ ላይ ሊፍት ልንጠግን ሄደን፣ ደረጃ ስትወርድ ከሥር ሆኜ ሁለት ጊዜ አበራሁባት። «ምን ማለት ነው?» አለችኝ። «ቀጥይ ማለት ነው» አልኳት። «ወዴት?» ብላ ሳቀች። ትዳራችን የተጀመረው በዚያች ሳቅ ነው ብል አልዋሸሁም።

ከሆስፒታል ስመለስ ልጄ ፊደል የተደረደረበት ሰሌዳ ይዛ መጣች። ጣቴ ግን ከቦታዋ ፈቀቅ ስለማትል ሰሌዳው ቁም ሣጥን ላይ ተሰቀለ። እናቷ ቁልፎቼን ከካፖርቴ ኪስ አወጣችና ትንሿን ባትሪ መዳፌ ውስጥ አስቀምጣ ጣቶቼን በላይዋ አጠፈች። «ሾርባ ልጨምርልህ?» አለችኝ። ሁለት። «መስኮቱን ልዝጋው?» አንድ። በሩን ይዛ አለቀሰች፤ እኔም ሆዴ ባባ። ሰው ሆኜ ቤቴ የገባሁት ያን ዕለት ነው።

ከዚያ በኋላማ ማን ይቻለኝ? ሳይናገር ለፍላፊ የሚባል ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። የትራሱን ነገር፣ የሬዲዮውን ነገር፣ ጎረቤት ስለ ልጁ ሲዋሽ አላምንም ለማለት ሁሉ አበራለሁ። ሳበራ ደግሞ ድንጋይ ያልቃል። እኛ ቤት ባትሪው ውስጥ የሚገባውን ድንጋይ ነው የምንለው። ባለቤቴ ከታች ካለው ሱቅ ትገዛለች፤ ሲደክሙ አውጥታ መስኮቱ ደፍ ላይ ፀሐይ ታሞቃቸዋለች፤ ትንሽ ነፍስ ይዘሩና ጥቂት ያናግሩኛል። ከዚያ ይጣላሉ።

ትንሹ ልጃችን ይሄን አይወድም። የሚሠራው ስልክ መሸጫ ውስጥ ነው፤ ቻርጅ የማይደረግ ነገር በሙሉ ለእሱ ጊዜው ያለፈበት ነው፣ እኔን ጨምሮ። አንድ ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ መጣና ጠረጴዛው ላይ ሁለት ነገር አስቀመጠ። አንዱ የሚጣሉት ድንጋዮች ያሉበት እሽግ ነው። ሌላው አንዲት ብቻዋን ያለች፣ ወገቧ ላይ የሽቦ ቀዳዳ ያላት ድንጋይ ናት።

«እማዬ፣ ስሚኝ» አለ። «እነዚህን ተጠቅመሽ ትጥያቸዋለሽ። ይቺን ግን እንደ ስልክ ትሰኪያታለሽ። ስትሞላ ሶኬቱ ላይ ያለው ቀይ መብራት አረንጓዴ ይሆናል። በቃ፣ ከሱቅ ደጃፍ ተገላገልሽ። ደግሞ መብራቷ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው፤ እንደነዚህ እየደበዘዘ አያስጠላሽም።»

እኔ የፈራሁት ይሄኑ ነበር። በጉድጓድ ሥራ የሚደበዝዝ ድንጋይ ወዳጅ ነው። ነጩ መብራት ቢጫ፣ ቢጫው ቀይ ሲሆን «ጌታው፣ መሰላሉን ያዝ» እያለህ ነው። ቻርጅ የሚደረገው ግን እየሳቀ ቆይቶ ድርግም ይላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ለእሱ ነው። አፍንጮ አንዴ በእንዲህ ያለ ባትሪ ተማምኖ ገብቶ፣ በጨለማ ግራሶ የነካውን መሰላል እየዳበሰ እናት አባቱን ሲሳደብ ወጥቷል። ግን ይሄን ሁሉ በአንድና በሁለት እንዴት አድርጌ ላስረዳ? ያለኝን አንዷን አበራሁ።

«አባዬ እምቢ አለ!» ብላ ልጄ ሳቀች። እሷ ትልቋ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቿን ለባሏ ትታ ትመጣለች።

«ድንጋዩ ምን አደረገህ?» አለችው ባለቤቴ ልጇን። «ሱቁ እደጃችን ነው። ደግሞ ሲደክም ያስታውቃል።»

«ሱቁ ሲዘጋስ? አንቺ ስትታመሚስ?»

«እንግዲያው እሱ ይወስን» አለችና ሁለቱንም ወደ ዓይኔ አቀረበች። ለእሽጉ ሁለት ጊዜ አበራሁ፣ ለባለ ቀዳዳዋ አንድ ጊዜ። ከዚህ በላይ የጠራ ምርጫ የት ይገኛል?

«አባዬ አዲስ ነገር መቼ ወዶ ያውቃል?» አለ ትንሹ። ባትሪዬን ከእጄ ወስዶ ቂጧን ፈታ፣ አዲሷን ከተተ፣ እሽጉን የወጥ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ወረወረው። ድምፄ ተቆጠረ፤ ተሸነፈ። እውነቱን ለመናገር መብራቷ ጉድ ነበር። ጣሪያው ላይ የሾርባ ሳህን የሚያህል ነጭ ክብ ጣለች። ባለቤቴ ቀና ብላ እያየች «ያምራል» አለች፤ እኔም ተናድጄ ሁለት ጊዜ አበራሁላት።

መጀመሪያ ቻርጅ የተደረገች ቀን ምንም አልመሰለኝም። ባለቤቴ ባትሪዬን ወስዳ «ቻርጅ ላይ ናት፣ ትንሽ ታገሰኝ» አለችና ድንጋይዋን አውጥታ ወጥ ቤት ሰካቻት። ከዚያ አጠበችኝ፣ ገለበጠችኝ፣ አበላችኝ፣ አንሶላ ቀየረች። አቁሚ የሚላት ስለሌለ ሁሉም ነገር ቶሎ አለቀ። ሲያልቅ ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና ትከሻዋ ሲወርድ አየሁ። ከታመምኩ ወዲህ ትከሻዋ እንደዚያ ሲወርድ አይቼ አላውቅም። ቁጭ አለች፤ ሻይ ጠጣች፤ በመስኮት ወደ ውጭ አየች። አረፈች ማለት ነው፤ ከእኔ አረፈች።

ከዚያማ ቻርጁ መቅደም ጀመረ። ሳትደክም መሰካት መጣ። «ሙሉ እንድትሆንልህ ብዬ ነው» ትለኛለች። እንግዳ ሲመጣ ቻርጅ ላይ ናት። ስታጥበኝ ቻርጅ ላይ ናት። ልጆቹ ሲሰበሰቡ ቻርጅ ላይ ናት። ከአልጋዬ ሆኜ በተከፈተው በር የወጥ ቤቱ ሶኬት ይታየኛል። ቀዩ አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፤ ሳህን ይታጠባል፣ ወለል ይወለወላል፣ አረንጓዴው እዚያው ነው። የሚጣሉት ድንጋዮች መሳቢያው ውስጥ እንዳሉ አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። ደሜ ይፈላል። ፈልቶም የትም አይደርስ፤ መልሶ ይበርዳል።

በእንዲህ ያለ ቀን ነው ልጆቹ ወጥ ቤት ተቀምጠው የእኔን ነገር ያነሱት። በሩ ክፍት ነው። አፍ የሌለው ሰው ጆሮም የሌለው ይመስላቸዋል።

«የአረጋውያን መጦሪያው ንጹሕ ነው፣ እማዬ» ትላለች ልጄ። «አልጋው ራሱ በማሽን ይነሣል። በሽተኛ የሚያነሡት ሰዎች ወጣቶች ናቸው። አንቺ እኮ ወገብሽ አልቋል።»

«እሱ ሳይፈቅድ አይሆንም።»

«አትጠይቂዋ» አለ ትንሹ። «ብትጠይቂው አንድ ጊዜ ማብራቱ አይቀርም።»

«እጠይቀዋለሁ!» ድምፅዋ ከፍ አለ፤ ሳህንም ተጋጨ። «ጉድጓድ ውስጥ ያለን ሰው ሳያበራልህ አትነካውም። እኔና አባትህ እንደዚያ ነው የኖርነው።»

ኮራሁባት። ኮራሁና መልሴን ከዚያው አዘጋጀሁ። አንድ። ሌላ ሁሉ ቀርቶብኝ ለዚያች ለአንዷ ስል ጣቴን ጠበቅኳት። ይሄ ቤቴ ነው። የትኛው በር ሲነፍስ እንደሚያፏጭ፣ የትኛው ቧንቧ ጠዋት እንደሚያስል አውቃለሁ። የማላውቀው ጣሪያ ሥር እንደ ተበላሸ እቃ የሚያስቀምጠኝ የለም አልኩ።

ብዙም ሳይቆይ ወደቅን። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከወንበሩ ወደ አልጋው ልታዛውረኝ ብብቴን ይዛ ስታነሣኝ ጉልበቷ ከዳት። እሷ ከሥር፣ እኔ ከላይ። የእጇ አንጓ ከጀርባዬ ሥር ሲጠማዘዝ ተሰማኝ። አልጮኸችም። «ትንሽ እንረፍ» አለችኝ፣ ሆን ብለን የተኛን ይመስል። ከፊት ለፊታችን የአልጋው ሥር ነው፤ አቧራና የጠፋ ነጠላ ጫማ ይታያል። «ጫማህ ለካ እዚህ ነው ያለው» ብላ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ወደ ልቅሶ ዞረ። እኔ ከላይዋ ልነሣ አልችልም፤ ይቅርታ ልላት አልችልም፤ ባትሪዬ ወጥ ቤት አረንጓዴ ሆና ተሰክታለች። ጎረቤት ሰምቶ እስኪመጣ እንደዚያ ቆየን።

ሊፍት ሲወጣ ሰው የሚያየው ሣጥኑን ነው። በጨለማው በኩል ግን ሣጥኑን የሚያህል ብረት በገመዱ ሌላ ጫፍ ተንጠልጥሏል፤ ሣጥኑ ሲወጣ እሱ ይወርዳል። ተሳፋሪ ስለ እሱ አያስብም። እኔ ግን ሙያዬ ነበር። ጎረቤቱ አንሥቶ አልጋዬ ላይ ሲያጋድመኝ፣ እሷ ወንበር ላይ የእጇን አንጓ ይዛ ዓይኗን ስትጨፍን፣ ያን ብረት አሰብኩ። ሲያወጣኝ የኖረው ማን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ከፍትፍቱ ፊቱ ይባል የለ? እኔ ከሾርባው ይልቅ በፊቷ ነበር የምጠግበው። ከዚያ ቀን በኋላ ሳየው ፊቷ አልቋል። ታስሮ በቀረው እጇ ፈንታ ማንኪያውን በግራዋ ይዛ ስታጎርሰኝ አገጬን ታበላሸዋለች፣ ትጠርጋለች፣ ይቅርታ ትለኛለች። እሷ እኔን ይቅርታ ትለኛለች! አንጀቴን በላችው። ያዘጋጀኋት አንዷ ቀስ በቀስ ከእጄ ሟሸሸች። መጦሪያውን ወድጄው አይደለም፤ አሁንም አልወደውም። ግን ስትጠይቀኝ ሁለት ጊዜ አበራላታለሁ አልኩ። ቀጥይ እላታለሁ። እንደዚያ እንደ ድሮው «ወዴት?» ትለኝ እንደሆነም ማን ያውቃል።

የምትጠይቀኝ ጠዋት ልጆቹ ቀድመው መጡ። የመጦሪያው መኪና ቀጠሮ ተይዟል። ትንሹ ከሾፌሩ ጋር በስልክ መንገድ እየተነጋገረ ሳለ ስልኩ ቻርጅ ጨርሶ ሊዘጋበት ሆነ። በተከፈተው በር አየሁት፤ የእኔን ድንጋይ ከሶኬቱ ነቀለና ስልኩን ሰካ። ቀይ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ገና ቀይ ነበር። ድንጋዩን ባትሪዬ ውስጥ ከትቶ ቂጧን አጥብቆ ለእናቱ ሰጣት። «ሞልታለች» አላት፤ ልቡ ከሾፌሩ ጋር ነው።

አልሞላችም። ግን የምፈልገው ሁለት ብልጭታ ነው። ለሁለት ብልጭታማ ትበቃለች አልኩ።

ባለቤቴ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። የተፈታውን ፋሻ ጫፉን በጥርሷ ይዛ አጠበቀች። ባትሪዋን መዳፌ ውስጥ አድርጋ ጣቶቼን እንደ መጀመሪያው ቀን አጠፈችልኝ።

«ስማኝ» አለችኝ። «ልጆቹ የሚሉትን ሰምተሃል። እንደምትሰማ አውቃለሁ፤ ልጆቹ ናቸው የማያውቁት። አልችልም ማለት ከብዶኝ ነው እስከ ዛሬ። አሁን ግን ደከመኝ። ይኸው ነው፣ ደከመኝ። አንድ ካልከኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ሳልጠይቅህ ግን አልወስድህም። ወደ መጦሪያው ልሂድ ትላለህ?»

ጫንኩ። መብራቱ እንደ መጀመሪያው ቀን ነጭ ሆኖ ደረቷ ላይ ወደቀ፤ ዓይኗን ጠበብ አደረገች። ለቀቅኩ። ደግሜ ጫንኩ።

ጨለማ ነው።

ጫንኩ። ለቅቄ ጫንኩ። ቢጫ የለ፣ ቀይ የለ፣ «መሰላሉን ያዝ» የሚል የለ። የጣቴ ጥፍር ነጭ እስኪሆን ተጫንኩ። ባለቤቴ የባትሪዋን መስታወት ነበር የምታየው፣ ብርሃን የሚወጣበትን። ጣቴን ብታይ ኖሮ ይገባት ነበር። ጠበቀች። እግዜር ያሳያችሁ፣ ብዙ ጠበቀች፤ ሁለተኛዋን እየለመነች እንደነበር ከንፈሯ ይናገር ነበር።

«አንድ» አለች በመጨረሻ፣ ለራሷ።

ዓይኔን ልጠቅስላት ሞከርኩ። የዓይኔ ቆብ እንደ ልማዱ በራሱ ጊዜ ተከደነ፣ ተገለጠ፤ በዚያ ላይ እንባዬ ፈሰሰ። እንባው ምስክር ሆነብኝ። ጣቶቼን አንድ በአንድ ዘርግታ ባትሪዋን ወሰደችና ሽርጧ ኪስ ከተተቻት።

«እማዬ?» አለ ትንሹ ከበሩ። «ምን አለ?»

ከእኔ ዞር ብላ ግድግዳውን እያየች ቆመች። ዕድሜዋን ሙሉ የምታውቀው ሕግ አለ፤ አንድ ሲበራ ይቆማል።

«ውሰዱት» አለች።

መጦሪያው እንዳሉት ንጹሕ ነው። አልጋው በማሽን ይነሣል፤ ወጣቶቹም ጉልበት አላቸው። የሕንፃው ሊፍት ሦስተኛው ፎቅ ጋ ሲደርስ ያንቋርራል፤ ሐዲዱ ግራሶ ይፈልጋል። የሚጠይቀኝ ስለሌለ ያንቋርር።

ባለቤቴ እሑድ እሑድ ትመጣለች። የታጠበ ፒጃማ ታመጣልኛለች። እጇ ድኗል። ፊቷ መመለስ ጀምሯል፤ ጉንጯ ትንሽ ሞላ ብሏል፤ ሳየው ደስ ይለኛል፣ ከልቤ ደስ ይለኛል። ስለ ሱቁ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ቧንቧው ሳል ታወራልኛለች። አንድ ነገር ግን አትጠይቀኝም። «ውሃ ልስጥህ?» እንኳ አትለኝም፤ ውሃውን ዝም ብላ ትሰጠኛለች። የተጠየቀ ይመልሳልና።

መጀመሪያ የመጣች እሑድ «ባትሪህ ቻርጅ ላይ ናት፣ ቸኩዬ ረሳኋት» አለችኝ። በሚቀጥለው «ቻርጅ ላይ ትቻት ወጣሁ» አለች። ከዚያ በኋላ ማንም ሳያነሣባት ገና ከበሩ ትናገረው ጀመር። ልጄ አንድ ቀን «ባትሪዋን እኔ ላምጣለት?» ብትላት «ተይው፣ ቻርጅ ላይ ናት» ብላ ፊቷን አጠቆረችባት። ልጄም ነገሩ ገብቷት ደግማ አላነሣችውም። የወጥ ቤቱ ሶኬት ይታየኛል፤ ዓይኔን ብከድነውም ባልከድነውም ይታየኛል። አረንጓዴ ነው። ከሞላች ከርማለች።

ባለፈው እሑድ ፒጃማዬን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከታ ስታበቃ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ አልጋዬ አጠገብ ቆመች። ብቻችንን ነበርን። ዓይኗን ከብርድ ልብሱ ሳታነሣ ተናገረች።

«አመጣልሃለሁ እላለሁ» አለች። «በየሳምንቱ ከሶኬቱ ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ እከታታለሁ። ከዚያ መልሼ እሰካታለሁ። እጅህ ላይ ባስቀምጣት መጀመሪያ የምትለኝን አውቀዋለሁ። እሱን ሰምቼ ደግሞ ጥዬህ ወደ ቤት መሄድ አልችልም። ትንሽ ታገሰኝ።»

ብርድ ልብሱን አስተካክላ ወጣች። እጄ ከብርድ ልብሱ ሥር ነበር። አውራ ጣቴ ፍራሹ ላይ ሁለት ጊዜ ተጫነች።